ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ

ባለፈው ሳምንት ዳባት ገበያ መግቢያ ላይ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ የተሸነቆረ ባልዲ በእርሳስ ሲደፍን በአጠገቡ አልፌ ነበር። እርሳሱ ቀልጦ አሲዱ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጭስ ፊቴን እንደነካኝ፣ ከቆምኩበት ጀርባዬ ቀጥ አለ፣ እጆቼም ማንም ሳያዘኝ ወደ ኋላዬ ሄደው ተያያዙ። ሰውየው ቀና ብሎ «ምን ልታዘዝ፣ እመቤት?» ሲለኝ መንገዴን ቀጠልኩ። ያ ጭስ የአባቴ ክፍል ሽታ ነው። ሰው ሁሉ የአባቱን ቤት ሽታ ሲያስታውስ ልቡ ይራራል ይላሉ፤ እኔ ግን እርምጃዬን አፋጠንኩ።

አባቴ አቶ አስማረ ዳባት አጠገብ ተወልዶ፣ ጥቂት ዘመን በቆሎ ተማሪነት ከርሞ ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ አጎቱን ተከትሎ ድሬዳዋ ወርዶ ባቡር ላይ የተቀጠረ ሰው ነበር። ሥራው የዕቃ ፉርጎ ላይ ነበር፤ ከመንገደኛው ባቡር ኋላ በሚቀጠለው፣ ሰው በማይሳፈርበት፣ ጥቅልና ሣጥን ብቻ በሚጫንበት ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ በየጣቢያው ያወርድና ይጭን ነበር። እናቴን በቁርባን አግብቶ ደባርቅ ላይ ቤት ሠርቶ ካስቀመጣት በኋላም እሱ እዚያው ድሬዳዋ ሲሠራ ኖሮ፣ ለፋሲካና ለመስቀል ብቻ እየመጣ ይመለስ ነበርና፣ ወንድሜ ደሴም እኔም የእነዚያ የፈቃድ ቀናት ልጆች ነን። ባቡሩ እየተዳከመ ሠራተኛው ሲቀነስ እሱም ተቀንሶ ጠቅልሎ መጣ። እኔ ያኔ ነፍስ ማወቅ ጀምሬ ነበር። የግራ እጁ የቀለበት ጣት በፉርጎው ተንሸራታች በር ተጨፍልቆ፣ ወደ መዳፉ ታጥፎ ደርቆ ስለቀረ ሁሉን ነገር በቀሩት ጣቶቹ ይሠራ ነበር። ሰፈርተኛው ከኋላው «ፉርጎው» ይለው ነበር፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍር አልነበረም።

ደባርቅ ላይ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ እየተሳበ መጥቶ ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል፣ በረዶው ጣራውን ሲደበድበው አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መሰማማት ያቅታል። አባቴ ያን ወቅት ይወደው ነበር። ከሳሎኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ገብቶ፣ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ በመቀስ እየቆረጠ፣ በመዶሻ እያስተካከለ፣ በቀለጠ እርሳስ እያያዘ፣ ሲሠራባቸው የኖረውን ፉርጎዎች አምሳያ ይሠራ ነበር። ወለላቸው የዝግባ ጣውላ፣ እግራቸው የተጠረበ ወይራ ነበር፤ በሮቻቸው ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ በተሠራ ሐዲድ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተቱ ነበር። አንዱን ለመጨረስ አንድ ሙሉ ክረምት ይፈጅበት ነበር፤ ሲያልቅም ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ይቆሙ ነበር፣ እኛ ልጆቹ እንኳን ልንነካቸው ተጠግተን መተንፈስም ክልክል ነበር።

የመጀመሪያው ባለ እንጨት ግድግዳው ሲሆን፣ አባቴ ራሱ አልደረሰበትም፤ ከሽማግሌ ባልደረቦቹ የሰማው ነበር። ፀሐይ እንጨቱን ሰንጥቆት በስንጥቁ አሸዋ እየገባ የሰው ዱቄት ያበላሽ ነበር ይለን ነበር። ሁለተኛው ብረት ለበሱ ነው፤ አሸዋውን ቢከለክልም ቆላው ላይ እንደ ምድጃ እየጋለ ከጅቡቲ የመጣውን ዓሣ ሚኤሶ ሳይደርስ ያገማው ነበር፤ ስለዚህ ከጣራው ሥር የአየር መግቢያ ተበጀለት። ሦስተኛው ረጅሙና ባለ ስምንት እግሩ፣ ጥግ ላይ ለዕቃ ጠባቂው መቀመጫና አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው፣ አባቴ ዕድሜውን የጨረሰበት ነው። ከዚያ ደግሞ ፈጣኗ የመንገደኛ ባቡር፣ ሊቶሪና፣ መጥታ ከኋላዋ ቁመተ አጭር ፉርጎ ብቻ ስትጎትት፣ «የእኛ ነገር ያኔ አበቃ» እያለ የሚሠራት አራተኛዋ ነበረች። በእነዚህ ውስጥ ያልተጓዘ ነገር የለም። የጫት ጥቅል በውኃ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጫጩት በቀዳዳ ካርቶን፣ ብስክሌት፣ የስፌት መኪና፣ ጋዜጣ፣ የመተሃራ ሽንኩርት፣ የሙሽራ ሣጥን፣ አንዳንዴም ዘመዶቹ በመንገደኛው ፉርጎ እያለቀሱ የሚከተሉት ሬሳ። ይህን ሁሉ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። ለሰው እንዲህ ሲለሰልስ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እራት ሳይቀርብ ፈተና ነበረብን። አባቴ ረጅሙን ፉርጎ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የክብሪት ቀፎዎች ያወጣል፤ በእያንዳንዱ ላይ የጣቢያ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን ታስሯል። ባቡሩ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ኤረር ቀድሞ ይወርዳል፤ ስለዚህ የኤረር ጥቅል መጨረሻ ገብቶ በሩ ሥር ይቀመጣል፣ የአዲስ አበባው ከሁሉ በፊት ገብቶ ከውስጠኛው ግድግዳ ይጠጋል። በመካከላቸው አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሃራ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ። ባቡር በዓይናችን አይተን የማናውቅ የደባርቅ ልጆች እነዚህን ስሞች ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል እንወጣቸው ነበር። የተሳሳተ ልጅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ሌላው ሲበላ ያያል፤ ከዚያ ከትሪው የተረፈችውን ፍርፋሪ አባቴ ወደ እሱ ገፋ እያደረገ «በል፣ ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ ነው» ይለው ነበር። በየጣቢያው ላኪው ያልታወቀ፣ ተቀባዩም ያልመጣለት ዕቃ የሚከማችበት ክፍል እንደነበር፣ ጊዜው ሲያልፍ የሚሸጠው እንደሚሸጥ፣ የሚበላሸው ደግሞ ለውሻ እንደሚጣል ነግሮናል። እናቴ ይህን ሁሉ እያየች ወጧን ታማስል ነበር። አባት ልጁን መቅጣቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ጥቅምት፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ሮዛ መጣች። ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ረዳት አንዲት ቀጭን ልጅ በሸራ ጫማና በስስ ቀሚስ እየመራ ከደጃችን አቆማትና «የባቡሩ አቶ አስማረ ቤት ይኼ ነው? ከጎንደር መናኸሪያ ተረክቤ ነው ያመጣኋት፤ ከድሬ ነው የመጣች» አለ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልጅቷን አላያትም፤ ረዳቱን ብቻ እያየ «ላኪዋ ማን ነው?» ሲል ጠየቀው።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጌታው? እናቷ ሞታ ጎረቤት ናት ያሳፈረቻት አሉ።»

«ላኪው የማይታወቅ ዕቃ አልረከብም። መልሳት።»

ረዳቱ የቀለደ መስሎት ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ጥርሷ በብርድ እየተንቀጫቀጨ አባቴን ብቻ ታየው ነበር። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጥታ «ኧረ በመድኃኔዓለም! የሰው ልጅ አደለች እንዴ? ብርዱ ሊገላት ነው እኮ፤ ግቢ ልጄ፣ ግቢ» ብላ ከትከሻዋ ይዛ አስገባቻት። አባቴም ከኋላቸው ገብቶ «የሥራ ጓደኛዬ ልጅ ትሆናለች፤ ሟቹ አደራ ብሎኝ ነበር» አለ። አደራ የሚል ቃል ለእናቴ ከበቂ በላይ ነበር። የዚያኑ ዕለት ውኃ አሙቃ አጠበቻት፣ የተሰነጠቀ ከንፈሯንና ፀጉሯን ቅቤ ቀባቻት፣ ለበዓል የምትለብሰውን የራሷን ኩታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና «የአደራ ልጅ ከሆድ ልጅ ይብሳል» እያለች ከእኔ ጋር አስተኛቻት። ሮዛ የቆላ ልጅ ስለነበረች ብርዱ አልለቅ ሲላት የቀዘቀዙ እግሮቿን በእግሮቼ መካከል ታስገባ ነበር።

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆን ነበር፣ ፀሐይ ስትወጣ ግን ግቢው ደስ ይላል። እናቴ የነጭ ሽንኩርት ጆንያ አፍስሳ ሥሩንና አፈሩን እንድናጸዳ ታስቀምጠን ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ፀሐይ እየሞቅን ሽንኩርት ስናጸዳ፣ ሮዛ እጇን ሳታቆም፣ ቀናም ሳትል፣ «ስንዱ፣ እሱ እኮ አባቴ ነው» አለችኝ።

«ማን?»

«አባትሽ። የእኔም ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ድሬዳዋ እናቷ ቤት ይኖር እንደነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፉርጎው ውስጥ አስገብቶ የፖስታ ከረጢት ላይ አስቀምጧት እስከ አዋሽ ይወስዳት እንደነበር፣ ከመስኮቷ ግመል ስታይ እየጮኸች እሱም አብሯት ይጮህ እንደነበር፣ ዓሣ አጥንቱን እየለቀመ ያጎርሳት እንደነበር፣ አወራረዱንም አጫጫኑንም በክብሪት ቀፎ እያጫወተ እንዳስተማራት። «ስትሳሳቺስ?» አልኳት። «ስሳሳትማ ይስቃል» አለችኝ፤ «ሲስቅ የመንጋጋ ጥርሱ ድረስ ይታያል፣ አላየሽውም እንዴ?» አላየሁትም ነበር። የአባቴን የመንጋጋ ጥርስ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ቅናት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ፤ የቀናሁት ደግሞ እናቷ ሞታባት እኛ ቤት በተጠጋች ልጅ ነበር። እሱ ከቤቱ ጀርባ ለብቻዋ ጠርቷት «ዝም ካልሽ ትኖሪያለሽ፤ ፋሲካ ሲያልፍ እኔው ለባለቤቴ እነግራታለሁ» ብሏት ነበርና እሷ ለፋሲካ የቀረውን ቀን ትቆጥር ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ሮዛ አስማረ እንደምትባል፣ ከዚያ በፊት ግን አፏን እንደማትከፍት ነገረችኝ። ለእኔ የነገረችኝ ማፈን አቅቷት ነው። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አባቴ ዝምታ የፈለገበት ምክንያት ለልጅ የማይገባ፣ ለአገሩ ሰው ግን ፀሐይ የሞቀው ነው። እሱና እናቴ ቆራቢዎች ነበሩ፤ ሮዛ ደግሞ ከደሴ ታንሳለች፣ ከእኔ ትበልጣለች። ልጄ ናት ማለት ቁርባኔን አፍርሻለሁ ማለት ነው፤ ቁርባን ያፈረሰ ደግሞ ከቅዱስ ሥጋ ወደሙ ይከለከላል፣ ሚስቱም ቤቷን ይዛ ልትቀር ትችላለች። በዚያ ላይ የመድኃኔዓለም ማኅበር የድሮው ሙሴ፣ አለቃው፣ አርጅቶ ስለነበር፣ ማኅበርተኞቹ አባቴን በቦታው ሊሾሙት እያሰቡ ነበር። የማኅበር አለቃ መሆንን አባቴ እንዴት ይመኘው እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ባቡሩ ከቀነሰው ወዲህ ሰው ብድግ ብሎ የሚቀበለው እዚያ ብቻ ነበር።

ጾሙ ወጥቶ ፋሲካ ሆነ፣ ፋሲካ አለፈ፣ አባቴ አልተናገረም። ሮዛ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ «ማኅበሩ ይለፍ ብሎ ይሆናል» ትለኝ ነበር፣ የዚያ ሚያዝያ ተረኛ እኛ ነበርንና። እናቴ ለሳምንት ስትጠምቅና ስትጋግር ሰነበተች። በዕለቱ ማኅበርተኞቹ መጥተው፣ መምሬ ሞላ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ከመካከል ተቀምጦ፣ ተበልቶ ጠላው መዞር ሲጀምር፣ አባቴ እንደ ልማዱ ረጅሙን ፉርጎ አወጣ። እንግዶቹ ይህን ይወዱት ነበር። «እስቲ ባቡሩን አሳየን» እያሉ ይስቁ ነበር፣ አባቴም ደሴን ጠርቶ ያስጭነው ነበር።

ደሴ በዚያን ቀን ተጣደፈ። ሞጆንና ናዝሬትን አቀያየረ፣ ሊያርም ሲል የመተሃራው ጥቅል ከእጁ አምልጦ ወደቀ፣ ከእንግዶቹ አንዱ «አይ! ይኼማ ሽንኩርቱን ጅቡቲ ሊያወርደው ነው!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አባቴ ከንፈሩ ነጣ። እጁን ሲያነሳ ደሴ ፊቱን ሸፈነ። ሮዛ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ማስታጠቢያውን አስቀምጣ፣ ፈጠን ብላ በአባቴና በደሴ መካከል ገባችና ጥቅሎቹን አራግፋ እንደገና ትጭናቸው ጀመር። ወንድሜን ከጥፊ ለማዳን ነበር፣ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። አዲስ አበባን ከግድግዳው አስጠግታ፣ ሞጆን፣ ናዝሬትን፣ መተሃራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን፣ አፍደምን አስከትላ፣ ኤረርን በሩ ሥር አስቀምጣ፣ በሩን አንሸራትታ ዘጋችና መዝጊያውን በገመድ አሰረችው። ሳቁ መጀመሪያ ወደ አድናቆት ተለወጠ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ሮዛ ገመዱን ስታስር የግራ እጇን የቀለበት ጣት ወደ መዳፏ አጥፋ ነበር የምታስረው። ጣቷ ደህና ነበር። እንዲህ ነው የሚታሰር ብላ ያወቀችው፣ ያስተማራት ሰው በዚያ ጣቱ መያዝ ስለማይችል ነበር።

ሁሉም አየ። እናቴ ጠላ ልትቀዳ ያጎነበሰች እንዳጎነበሰች ቀረች።

መምሬ ሞላ «ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አሏት በለሆሳስ።

ሮዛ እጇን አየች፣ ጣቷን ቀስ ብላ ዘረጋችው። ከዚያ አባቴን አየችው። ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እንግዲህ ተናገር፣ ፋሲካ እንደሆነ አልፏል የሚል ልመና ነበረበት። «አባቴ ነው» አለች።

«አባትሽ ማን ይባላል?»

ስሙን አልጠራችም። ቃሏን ጠበቀች፣ ያቺ ልጅ።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቴን ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትለው፣ በቁጣም ቢሆን፤ ያን ቀን ግን «አስማረ፣ ልጅህ ናት?» አለችው።

«የጓደኛዬ ልጅ ናት ብዬሻለሁ።»

«ጽዋውን ይዘህ ማልልኝ።»

«ተይ፣ አዛለች» አሏት እናቴን መምሬ ሞላ ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው፤ «በጽዋ አይማልም። ሰውየው ከፈለገ ለነፍስ አባቱ ይናገራል። መሐላ ይቅር።»

«አባ፣ ይማሩኝ፣ አይቀርም። ወይ ይማል፣ ወይ እኔ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

ማኅበርተኞቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አገራችን ላይ በማኅበር ፊት የተማለ ነገር ተመልሶ አይነሳም፤ ሐሰት እንኳ ቢሆን ዕዳው በማለው ሰው ነፍስ ላይ ነው እንጂ ከእንግዲህ ማንም ሊጠይቅበት አይችልም። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። እውነቱን በሮዛ ጣት ላይ አይታዋለች፤ የፈለገችው እውነት ሳይሆን ትዳሯን የሚያቆይላት መሐላ ነበር። ይህ የገባኝ እኔም አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። አባቴ ተነሳ፣ ጨርቁን ገልጦ ጽዋውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ያቺ የደረቀች ጣቱ እንደታጠፈች ነበረች። «መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፤ ይህች ልጅ የእኔ አይደለችም። አላውቃትም» አለና ጽዋውን መልሶ ሸፈነው። መምሬ ሞላ መስቀላቸውን አንስተው ወጡ፣ የቀሩት ግን ቀስ በቀስ ወሬ ጀመሩ፣ ጠላውም እንደገና ዞረ። በሚቀጥለው ወር አባቴ ሙሴ ሆነ።

ሮዛ ያን ዕለት አላለቀሰችም። ማስታጠቢያውን አንስታ እጅ ታስታጥብ ጀመር፣ የአባቴንም ጭምር።

ግንቦት ገብቶ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር እናቴ ሌላ ሰው ሆና ነበር። አባቴን ምንም አላለችውም፤ ተምሎላታልና የምትለው አልነበራትም። ያለው ሁሉ ልጅቷ ላይ ወረደ። ኩታዋን ከትከሻዋ ላይ ገፍፋ ወሰደች፣ ከእኔ አልጋ አውጥታ ከበጎቹ ጋር አስተኛቻት፣ አብራን ስትበላ ካየች «የማንን ልጅ ነው የምቀልበው?» እያለች እጇን ከትሪው ላይ ትመልሰው ነበር። የቀባቻትን ቅቤ ብቻ መልሳ መውሰድ አልቻለችም። በመጨረሻም ከሊማሊሞ በታች ድብ ባሕር ላይ ሻይ ቤት ያላት አንዲት የእናቴ ዘመድ ሠራተኛ ትፈልጋለች ተባለና፣ እናቴ ሮዛን በነጭ ሽንኩርት ጫኝ አይሱዙ ልትልካት ወሰነች።

መኪናው ደጃችን ላይ ቆሞ ሲጭን አባቴ ወጣ። አሁን አንድ ነገር ይላል ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሮዛም እንደዚያ ሳታስብ አልቀረችም፣ ትንሿን ጥቅሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቀና አለች። ጫኞቹ ጆንያዎቹን እየደረደሩ ነበር፤ እሷን ከጋቢናው ኋላ፣ ከነፋሱ በሚከልላት ቦታ፣ በጆንያዎቹ መካከል አስቀምጠዋት ነበር። አባቴ ጭነቱን ዞሮ አየ፣ አንዱን ጆንያ በእጁ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ሹፌሩን «ጭነቱ የት ነው የሚወርደው?» አለው። «ሽሬ።» «እሷስ?» «ድብ ባሕር።» «እንግዲያ አጫጫኑ ልክ አይደለም። ቀድሞ የሚወርድ ኋላ ይጫናል። ከበሩ ሥር አድርጋት።» አወረዷትና ጆንያውን ወደ ውስጥ ገፍተው፣ እሷን ከመኪናው ጭራ፣ ነፋሱና አቧራው ከሚመታት ቦታ ላይ አስቀመጧት። አባቴ መዝጊያው መጥበቁን በእጁ ሞክሮ አረጋገጠና ወደ ቤት ገባ። መኪናው ወደ ሊማሊሞ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሮዛ የቤቱን በር ታየው ነበር፣ በሩ ግን ተዘግቷል። ያን ምሽት ፈተና ነበረብን።

አሁን አባቴ አርጅቷል፣ እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ከተማ ሲወጣ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል፣ ልጆች ጉልበቱን ይስማሉ፣ የታረቀ ባልና ሚስት ሁሉ በእሱ ሽምግልና የታረቀ ይመስላል። መቀሰፍ የሚባለውን ነገር ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ጥርሱን እንኳ አላመመውም። ፉርጎዎቹን ቡይት ራስ አካባቢ ያለ አንድ ሎጅ ወስዶ በመስታወት ሣጥን አስቀምጧቸዋል፣ የውጭ አገር ሰዎች ዝንጀሮ ሊያዩ ሲመጡ ከጎናቸው ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ አባቴም አንዳንዴ ተጠርቶ የእያንዳንዳቸውን ታሪክ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ ይተርካል። ባለፈው ዓመት ከድሬዳዋ የመጣ አንድ ሰው፣ ከድሮዎቹ ፉርጎዎች አንዳንዶቹ ሣር በቅሎባቸው ቆመው እንደቀሩ፣ አንዱም ውስጥ ሰው ዶሮ እንደሚያረባበት ሲነግረው፣ አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰዎቹ አጽናኑት። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ወደ ዓዲ አርቃይ ስወርድ አውቶቡሳችን ለምሳ ድብ ባሕር ቆመ። ሮዛ ሻይ ቤቱ የእሷ ሆኖ ምግብ ቤት እንዳደረገችው ሰምቼ ነበር፤ ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ወፍራ አምሮባታል፣ ሰው ታዛለች፣ ትስቃለች፣ ስትስቅ ደግሞ የመንጋጋ ጥርሷ ይታያል። ልታስታጥበኝ መጥታ ውኃውን እጄ ላይ ስታፈስ ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ። ውኃው ለአፍታ ቆመና እንደገና ፈሰሰ። ከኋላዋ ሳህን ይዛ የቆመችው ልጇ እሷንና እኔን እያቀያየረች ካየች በኋላ «እማዬ፣ ዘመድሽ ናት እንዴ? ትመስልሻለች እኮ» አለቻት።

«አይ፣ መንገደኛ ናት» አለች ሮዛ። «መኪናው እንዳያመልጣት ቶሎ አቅርቢላት።»

ድምጿ ውስጥ ቂም ብሰማ ይሻለኝ ነበር፤ አልነበረም። ያኔ በአንድ ጋቢ ውስጥ ሆነን እግሯ እስኪሞቅ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ አሁን ግን ከፊቷ ተቀምጬ ስሟን ለመጥራት እንኳ ምን መብት እንዳለኝ አላወቅሁም። ምግቡ ጣፋጭ ነበር። በልቼ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።